ጭልፊትና ድንቢጥ በአሪቻ የቡና ጥላ ሥር

በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ በአሪቻ፣ በቡናና በእንሰት መካከል የሚሰማው የማለዳ የወፎች ጫጫታ አንዳንዴ ድንገት ጸጥ ይላል። የሚቀረው አንድ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው፤ ጭልፊት መጥቷል ማለት ነው።

ጭልፊት የምንለው ስም በርካታ ዝርያዎችን በአንድነት ስለሚሸፍን አስቀድሞ መለየት ይገባል። በመንደር ሰማይ የሚያንዣብበው ባለ ቢጫ መንቆር ጭልፊት ጫጩት ቢነጥቅም በአብዛኛው ጥንብ፣ ፍርፋሪና ትንንሽ እንስሳት ይለቃቅማል። ዋነኞቹ ወፍ አዳኞች አክሲፒተር በሚል ወገን ሲመደቡ የቆዩት ናቸው። ክንፋቸው አጭርና ሰፊ፣ ጅራታቸው ረጅም በመሆኑ በቅርንጫፎች መካከል እየተጠማዘዙ ይበርራሉ፤ አድፍጠው ቆይተው በአጭር ርቀት ይወረወራሉ። እንስቷ ከተባዕቱ ስለምትገዝፍ ከፍ ያለ ግዳይ ትጥላለች። ጥቁርና ነጭ የሆነው ትልቁ ዝርያ በተለይ ርግብና ዋኔ ያድናል፤ ዶሮም አይምርምና የገበሬው ቅሬታ መሠረተ ቢስ አይደለም።

ፒተር ማርለር እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳብራራው፣ ያ ቀጭን ፉጨት ቀስ ብሎ ጀምሮ ቀስ ብሎ ስለሚጠፋ ምንጩን መለየት ያስቸግራል። ወፏ ጎረቤቶቿን ታስጠነቅቃለች፤ ራሷን ግን አታጋልጥም። የተቀመጠ ጭልፊት ከብበው ሲያዋክቡ የሚያሰሙት ጩኸት ተቃራኒው ነው፤ ሻካራ፣ ምንጩ የሚታወቅ፣ ሌሎችን የሚጠራ።

ታዲያ ጭልፊት የቡና ተባይ የሚለቅሙትን ወፎች ይጨርሳል? በኦክስፎርድ አቅራቢያ በሚገኘው የዋይታም ደን፣ በፀረ ተባይ ኬሚካል ሳቢያ ጠፍቶ የነበረው ጭልፊት ሲመለስ የሚራቡት ትንንሽ ወፎች ቁጥር አላሽቆለቆለም። የተለወጠው ክብደታቸው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጭልፊት ባለበት ዘመን ወፎቹ ቀለል ብለው እንደሚኖሩ አሳየ፤ የሰባ ወፍ ለማምለጥ ይዘገያልና። የእንግሊዝ ክረምት የጌዴኦ አይደለም፤ ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

በእኔ ግምት በአሪቻ ወሳኙ መሸሸጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ዋንዛና ብርብራ ከላይ፣ ቡናና እንሰት ከሥር ተደራርበው ይበቅላሉ። ድንቢጧ የምትሸሸገው ከታች ነው፤ ጭልፊቱ ጎጆ የሚሠራው ከላይ። ማሳው ወደ ጫት ብቻ ሲለወጥ ሁለቱም ቤታቸውን ያጣሉ። የቡና ጥላም ቢሆን ደንን አይተካም፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናት በጥላ ቡና ውስጥ ከደኑ እጥፍ የሚበልጥ የወፍ ዝርያ ቢያገኝም፣ በደን ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች ግን በደኑ ውስጥ ይበዙ ነበር።

የጫጩቱ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል፤ ክንፋቸው እስኪጠነክር ቅርጫት ይደፋባቸዋል።