የጫቱ ኬቶን

ሉማሜ ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪዎቼን አጥብቆ የሚያደናግራቸው ቀለበት ያለው ኬቶን ነው። ቀለበቱ ስድስት ካርቦን ይዞ ሰሌዳው ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ስሙን ከእሱ ሊጀምሩ ይፈልጋሉ። የአሰያየም ሕጉ ግን ትልቅነትን አያይም። ኬቶን የሚያሰኘውን ካርቦኒል የያዘው ሰንሰለት ሦስት ካርቦን ብቻ ቢኖረውም ዋናው እሱ ነው፤ ቀለበቱ «ፌኒል» ተብሎ እንደ ተቀጥላ ከፊት ይገባል።

ለማስረዳት የምመርጠው ጫትን ነው። ለፈተና ንቁ እንሆናለን ብለው የሚቅሙ ልጆች አሉ፤ ያሳስበኛል። የሚቅሙትን ነገር ቢያንስ በስሙ ይወቁት። በቅጠሉ ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ለየው። ሙሉ ስሙ 2-አሚኖ-1-ፌኒልፕሮፓን-1-ኦን ነው። ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡት እላቸዋለሁ። «ኦን» ኬቶን ነው፣ 1 ካርቦኒሉ ያለበት ቦታ ነው፣ «ፕሮፓን» ሦስቱ ካርቦኖች ናቸው። ፌኒሉ ካርቦኒሉ ላይ፣ አሚኖው ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ ተቀምጠዋል። ከሌላው ጫፍ ብንቆጥር ኬቶኑ 3 ይደርሰዋል፤ ዝቅተኛው ቁጥር ግን ለእሱ ነው የሚገባው።

ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካርቦኒሉ ሃይድሮጅን ይቀበልና «ኦን» የነበረው «ኦል» ይሆናል፤ 2-አሚኖ-1-ፌኒልፕሮፓን-1-ኦል፣ ማለትም ካቲን። ይህ ከካቲኖን በጣም የደከመ ነው። ነጋዴው ጫቱን በቅጠል ጠቅልሎ፣ እርጥበቱን ጠብቆ የሚጣደፈው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. የ1971 ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነትም ኋላ ላይ ካቲኖንን በጥብቁ አንደኛ ሠንጠረዥ፣ ካቲንን በሦስተኛው አስቀምጧል። አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ «ቲቸር፣ እንግዲያው መጨረሻው ነው የሚፈራው!» ብሎኛል፤ ደስ አለኝ።

ቀለበቱ ራሱ ተቀጥላ ሲይዝ ስህተቱ ይበዛል። ለድባቴና ሲጋራ ለማቆም የሚታዘዘው ቡፕሮፒዮን የካቲኖን የቅርብ ዘመድ ነው፦ 2-(ተርት-ቡቲልአሚኖ)-1-(3-ክሎሮፌኒል)ፕሮፓን-1-ኦን። ቀለበቱ የራሱ ቁጥር አለው፤ ከሰንሰለቱ ጋር የተያያዘበት ካርቦን 1 ይባላል፣ ክሎሪኑም ከዚያ ተቆጥሮ 3ኛው ላይ ነው። ቅንፉ 3 ቁጥር የቀለበቱ እንጂ የሰንሰለቱ አለመሆኑን ይናገራል። ቅንፉን አንስቶ «3-ክሎሮ-1-ፌኒል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ክሎሪኑን ወደ ሰንሰለቱ ጫፍ ወስዶታል። «ቅንፍ ብቻ እኮ ናት» እያሉ ይለምኑኛል። ነጥብ አልሰጥም፤ የጻፉት ሌላ ንጥረ ነገር ነው።