ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት የኮምፒዩተር ቋንቋ እና የመንግሥት አገልግሎት፤ ባለሙያ ከየት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት አስተዳዳሪ ፊል መርፊ ስለ ኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በሰጡት መግለጫ፣ ከጤና ባለሙያዎች በተጨማሪ ያልተለመደ ሙያ ያላቸውን በጎ ፈቃደኞች ጠይቀዋል። የተፈለጉት ኮቦል በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍና ማረም የሚችሉ ባለሙያዎች ነበሩ።

ጥሪው የቀረበው ወረርሽኙ ሥራ ያሳጣቸው ዜጎች የሥራ አጥነት ድጎማ ለማግኘት በገፍ ማመልከት በጀመሩበት ወቅት ነው። በማርች ወር የመጨረሻ ሳምንት ብቻ በመላ አገሪቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ማመልከቻዎች ቀርበዋል። የግዛቲቱ የድጎማ ሥርዓት ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረና በኮቦል የተሠራ ነበር። የካንሳስን ግዛት ጨምሮ በሌሎችም ግዛቶች ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። ክፍያው በመዘግየቱ የቤት ኪራይና የዕለት ወጪ የሚጠብቃቸው በርካታ ቤተሰቦች ለሳምንታት ተቸግረዋል።

የኮምፒዩተር ታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ጥፋቱ የቋንቋው እንዳልነበረ ይከራከራሉ። እንደእነርሱ ገለጻ በመጀመሪያ የተጨናነቀው ማመልከቻ የሚቀበለው አዲሱ የኢንተርኔት ክፍል ነው፤ ዋናው ችግርም ተቋማቱ ለጥገና የሚመድቡትን ሠራተኛና በጀት ለዓመታት እየቀነሱ መምጣታቸው ነው። በየትኛውም አመለካከት ቢታይ ጉዳዩ የሚያመራው ወደ ሰው ኃይል ጥያቄ ነው።

የኮቦል አመጣጥ

ኮቦል የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አስተባባሪነት በተካሄደ ስብሰባ ነው። ዓላማውም አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠራ ማስቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1960 አንድ ዓይነት የኮቦል ፕሮግራም የአርሲኤ እና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያዎች በሠሯቸው ሁለት የተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ በተሳካ ሁኔታ ተሞክሯል። ለቋንቋው መሠረት ከሆኑት ሥራዎች ዋነኛው በግሬስ ሆፐር መሪነት የተዘጋጀው ፍሎው ማቲክ ነው።

የቋንቋው ትዕዛዞች የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስለሚመስሉ የሒሳብና የአስተዳደር ሠራተኞች ጭምር ሊያነቧቸው ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ኮቦል የገንዘብ ስሌትን በአስርዮሽ ቁጥር በትክክል ያከናውናል። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የተለመደው የስሌት ዘዴ 0.1 የመሰለውን ቁጥር እንኳ በትክክል ስለማይወክል፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ክፍያዎች ላይ የሳንቲም ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶች፣ የግብርና የጡረታ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋውን እስከ ዛሬ የያዙት በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያው ለምን አነሰ?

የኮቦል ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ተወዳጅነት አልነበረውም። እውቁ ሆላንዳዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1975 ቋንቋውን ማስተማር እንደ ወንጀል ሊቆጠር ይገባል እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ሲ፣ ጃቫ እና ፓይተን የተባሉት ቋንቋዎች የትምህርት ክፍሎቹን ሲይዙ፣ ኮቦልን የጻፉት ባለሙያዎች በየተራ ጡረታ ወጡ።

የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የኮቦል ሥርዓቶቹን ለመጠገን ጡረታ የወጡ ሠራተኞቹን መልሶ ለመቅጠር መገደዱን አመልክቷል። የፌዴራል መንግሥቱ በየዓመቱ ለመረጃ ቴክኖሎጂ ከሚያወጣው ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ፣ በ2015 የበጀት ዓመት ወደ 75 በመቶ የሚጠጋው ነባሮቹን ሥርዓቶች ለማንቀሳቀስና ለመጠገን መዋሉንም ሪፖርቱ ገልጿል።

የቆየውን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ መተካትም ቀላል አማራጭ አይደለም። የአውስትራሊያው ኮመንዌልዝ ባንክ ዋናውን የባንክ ሥርዓቱን ለመለወጥ አምስት ዓመት እንደወሰደበትና ከ1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ እንዳወጣ ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘግቧል። ደግሞም አዲሱን ለመሥራት አሮጌው ምን እንደሚያደርግ አንብቦ መረዳት ስለሚያስፈልግ፣ ለመተካት የወሰነ መሥሪያ ቤትም ቢሆን ቋንቋውን ከሚያውቅ ባለሙያ አያመልጥም።

ሠልጣኙን የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የኮቦልን ሰዋስው በጥቂት ሳምንታት ሊለምድ ይችላል። አስቸጋሪው በዙሪያው ያለው ነው። ሠልጣኙ ሜይንፍሬም የሚባለውን ትልቅ ኮምፒዩተር፣ ሥራዎችን በቅደም ተከተል የሚያዝዘውን ጄሲኤል፣ የብዙ ተጠቃሚዎችን ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን ሲአይሲኤስ እና ዲቢ2 የተባለውን የመረጃ ቋት ጭምር ማወቅ ይጠበቅበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የተሸሸገው የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ነው። ለአርባ ዓመታት የወጡ አዋጆች፣ መመሪያዎችና ልዩ ሁኔታዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ተጽፈዋል። አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለ፣ መልሱ ያለው በጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል።

የተሞከሩ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ጡረተኞችን መጥራት ነው። በቴክሳስ የሚገኘው ኮቦል ካውቦይስ የተባለ ድርጅት ከዚሁ ፍላጎት የተነሳ የተመሠረተ ሲሆን፣ ነባር ባለሙያዎችን ችግር ከገጠማቸው ተቋማት ጋር ያገናኛል። ይህ አጣዳፊ ችግርን ያቃልላል፤ ነገር ግን ጊዜያዊ መፍትሔ ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛው አዳዲስ ባለሙያዎችን ማስተማር ነው። አይቢኤም ኩባንያ እና ኦፕን ሜይንፍሬም ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ለሁሉም ክፍት የሆነ ነፃ የኮቦል ትምህርት አዘጋጅተዋል። ትምህርቱ ወጣት ባለሙያዎች በሌላ ሥራቸው በሚጠቀሙበት የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቋንቋውን ያረጀ አስመስሎ የሚያሳየውን አሠራር ያስቀራል። ግኑኮቦል የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም ሠልጣኞች ሜይንፍሬም ሳይኖራቸው በተራ ኮምፒዩተር እንዲለማመዱ ያስችላል።

ሦስተኛው የቅጥር መስፈርቱን ማስተካከል ነው። በዚህ ረገድ ከሌላ ዘርፍ የሚገኝ ልምድ ጠቃሚ ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው ጄን ስትሪት የተባለ የፋይናንስ ድርጅት ሶፍትዌሩን የሚሠራው ኦካምል በተሰኘ ብዙዎች በማያውቁት ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ ተቀጣሪዎች ቋንቋውን አስቀድመው እንዲያውቁ አይጠይቅም፤ ጥሩ የፕሮግራም መሠረት ያላቸውን መርጦ ራሱ ያስተምራል። በአንጻሩ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን ቋንቋ ከብዙ ዓመት የሥራ ልምድ ጋር የሚጠይቅ ማስታወቂያ በተደጋጋሚ ወጥቶ አመልካች ሊያጣ ይችላል።

ትዕዛዝ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ አዳ የተባለው ቋንቋ ታሪክ ያስረዳል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያሠራው ይህ ቋንቋ በመከላከያ ሶፍትዌር ላይ እንዲውል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ጭምር ተደንግጎ ነበር። ሆኖም የንግዱ ዓለም በሌሎች ቋንቋዎች መሥራቱን በመቀጠሉ፣ ሚኒስቴሩ ግዴታውን በ1997 አንስቷል።

ለተቋማት የሚሆን ትምህርት

ከእነዚህ ልምዶች ለመረዳት እንደሚቻለው አንድ ተቋም ሶፍትዌር ሲገዛ ወይም ሲያሠራ፣ የተሠራበትን ቋንቋ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ማን እንደሚጠግነው አብሮ ሊያጤን ይገባል። ለነባር ሥርዓቶች ደግሞ ባለሙያው ጡረታ ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ተተኪ መመደብ፣ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየሠሩ የእያንዳንዱን ስሌት ሕጋዊ መነሻ በሰነድ እንዲያሰፍሩ ማድረግ ተገቢ ነው።

የሥራውን ሕግና መመሪያ ጠንቅቀው የሚያውቁ የውስጥ ሠራተኞችን መርጦ ፕሮግራም ማስተማርም ከውጭ ከመቅጠር የተሻለ ውጤት የሚያስገኝበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ወጣት ባለሙያ በአንድ ያረጀ ቋንቋ ታስሮ የመቅረት ሥጋት እንዳያድርበት፣ በአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የመሠልጠንና በሙያው የማደግ ዕድል ሊመቻችለት ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሩ ከብዙ ሰዎች የሥራ ዘመን በላይ ሊያገለግል እንደሚችል ከስልሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ኮቦል አሳይቷል። የኒው ጀርሲው ጥሪም ተተኪ የማፍራት ሥራ በችግር ወቅት ሳይሆን አስቀድሞ መከናወን እንዳለበት ያመለከተ ሆኗል።