የውሃ ምርመራ ውጤት ከገደብ በላይ ነው የሚባለው መቼ ነው?

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በሚገኙ በርካታ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ይታይበታል። መጠኑ ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፣ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

ይሁንና አንድን ውሃ ደጋግሞ የሚለካ ላቦራቶሪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር አያገኝም። ለአብነት ከአንድ ጉድጓድ በተወሰዱ አምስት ናሙናዎች 1.62፣ 1.47፣ 1.58፣ 1.49 እና 1.59 ሚሊ ግራም ተገኘ እንበል። አማካዩ 1.55 በመሆኑ ከገደቡ ይበልጣል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ በአጋጣሚ የመጣ?

ለዚህ መልስ የሚሰጠው ቲ-ቴስት የተሰኘው የስታቲስቲክስ ፍተሻ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1908 ለኅትመት ያበቃው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ዊልያም ጎሴት ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም ነው።

ፍተሻው “የውሃው ፍሎራይድ ከገደቡ አይበልጥም” ከሚል መነሻ መላምት ይጀምራል። የአማካዩና የገደቡ ልዩነት በልኬቶቹ መለያየት ልክ ሲመዘን 1.70 ይሆናል። በ5 በመቶ የስህተት ዕድል መላምቱን ለመጣል ግን ቢያንስ 2.13 ያስፈልጋል። ስለዚህ ገደቡ ስለመታለፉ በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ማለት ግን ውሃው ጤናማ መሆኑ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። አማካዩና የልኬቶቹ መለያየት ሳይለወጡ የናሙናዎቹ ብዛት 20 ቢደርስ ውጤቱ 3.39 ይሆናል፤ ከሚፈለገው 1.73 ስለሚበልጥም መላምቱ ይወድቃል። በአምስት ናሙና ያልታየው በ20 ይታያል ማለት ነው።

ስህተቱ በሁለት በኩል ሊመጣ ይችላል። ደህናው ጉድጓድ ቢዘጋ ነዋሪው ውሃ ፍለጋ ሩቅ መንገድ ይጓዛል፤ ጎጂው ክፍት ቢተው ደግሞ ሕፃናት ለዓመታት ይጠጡታል። የትኛው ስህተት ይበልጥ እንደሚከብድ መወሰን ያለበት ከምርመራው በፊት ነው። ለጤና ቅድሚያ ከተሰጠ መነሻ መላምቱ “ውሃው ከገደቡ ያልፋል” የሚል ሆኖ፣ ደህንነቱ በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይደረጋል።

መሣሪያው ራሱ የተዛባ ከሆነ ግን ልኬቱን መደጋገም ብቻውን ስህተቱን አያሳይም። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ለክቶ ማመሳከር ያስፈልጋል።

በመሆኑም ውሳኔ የሚሰጥ ኃላፊ ከላቦራቶሪ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የናሙናዎቹን ብዛት፣ የልኬቶቹን መለያየትና የመሣሪያውን ማመሳከሪያ ውጤት ጭምር መጠየቅ ይኖርበታል።