መንገዱ ደርሶ ወንዙ እንዳያስቀር
የሰባራ ድልድይ ታሪክ ለገጠር መሻገሪያዎች ምን ያስተምራል?

የደቡብ ጎንደር ደጋ አርሶ አደር ምርቱን ገበያ ለማድረስ ከገደልና ከወንዝ ጋር ይታገላል። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብ በኩል ደግሞ ዓባይ ዞኑን ከምሥራቅ ጎጃም ይለየዋል። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ድንቹ በማሳ፣ ታማሚው በቤቱ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በዓባይ ሸለቆ፣ በሞጣ አቅጣጫ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ነው። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ ጎንደርንና ጎጃምን ለዘመናት ሲያገናኝ ኖሯል። በጣሊያን ወረራ ወቅት መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በክፍተቱ ላይ በተዘረጋ ገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ ይሻገር ነበር። እጅ ቢከዳ ከታች የሚጠብቀው ዓባይ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው የአሜሪካ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከአካባቢው ነዋሪ ጋር በመሆን ክፍተቱን በብረት ገጠመው። ይሁን እንጂ ጥገናው ያረፈው በአሮጌው ድልድይ ላይ፣ በአሮጌው ከፍታ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ የዓባይ ሙላት ብረቱን ጠራርጎ ወሰደው። አራት ዓመታት ቆይቶ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በኬብል የተወጠረ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ የማገናኘት ዓላማ ነበረው። መንገዱ ቢደርስም ከመንደሩ እስከ መንገዱ ያለው ወንዝ መሻገሪያ ከሌለው ግን ለአርሶ አደሩ መንገድ የለም ማለት ነው። መኪና የማያልፍበት የእግረኛ ድልድይም ቢሆን ሸክም ለያዘ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሰባራ ድልድይ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የወረዳ ባለሙያዎች የድልድይ ቦታ ሲመርጡ የበጋውን ውኃ ብቻ አይተው መወሰን የለባቸውም። ወንዙ በክፉ ዓመት እስከ የት እንደሚወጣ የሚያውቁትን የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቀድመው መጠየቅ ይገባቸዋል። ከተሠራ በኋላም ኬብሉን፣ የእግር መርገጫውንና መሠረቱን በየዓመቱ ከሰኔ በፊት የሚፈትሽ ኮሚቴ ከተጠቃሚው መካከል መመደብ አለበት። ድልድዩ የሚፈተነው በምርቃቱ ቀን ሳይሆን በነሐሴ ሙላት ነው።