በእጅ ያለ ሙያ ሲመዘን

በአሰላ ከተማና በአርሲ ደጋ ሥራ ይዞ መማር ለሚፈልግ ጎልማሳ የተከፈቱት መንገዶች በስም ሲጠሩ ጥቂት አይደሉም፤ የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ፣ የክረምትና የርቀት መርሐ ግብሮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ችሎ የቆመው አርሲ ዩኒቨርሲቲም መቀመጫው አሰላ ነው። ስለ እነዚህ መንገዶች በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚወራ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘው፣ ይሁንና ለሠራተኛው ጎልማሳ ከሁሉም የቀረበው፣ በተለምዶ ሲኦሲ እየተባለ የሚጠራው የሙያ ብቃት ምዘና ነው።

አርሲ ጎልማሳን በሥራው ላይ ሳለ በማሠልጠን ረገድ እንግዳ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ተቋም ማዕከሉን አሰላ ላይ አድርጎ ለገበሬው ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና ብድርን ከምክርና ከሥልጠና ጋር አቀናጅቶ ሲያቀርብ፣ አዲሱን አሠራር ለጎረቤቶቻቸው በማሳቸው የሚያሳዩ አርአያ ገበሬዎችንም ይጠቀም ነበር። ቁሉምሳ ላይ ተጀምሮ ዛሬም የስንዴ ምርምር የሚካሄድበት ማዕከልም ከዚያ ዘመን ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ትራክተርና ኮምባይነር ሲስፋፉ አንዳንድ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀላቸው የዚህ ታሪክ መራር ገጽ ነው። መሣሪያዎቹ ግን ጠጋኝና ነጂ ስለሚሹ፣ ከመምህር ሳይሆን ከቀደመ ባለሙያ ጎን ቆሞ ሥራውን የሚለምድ አዲስ የባለሙያ ዓይነት በአካባቢው ተፈጠረ።

ምዘናው ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ባለሙያ ላይ ነው። በብዙዎች ዘንድ ሲኦሲ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ሥራ ከመያዙ በፊት የሚወድቅበት ወይም የሚያልፍበት ተጨማሪ ፈተና ብቻ ተደርጎ ይታሰባል፤ ይህ አስተሳሰብ ከሥር ጀምሮ መታረም አለበት። ሥርዓቱ የተገነባው አንድ ሰው ሙያውን የት ተማረ በሚለው ጥያቄ ላይ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል በሚለው ላይ ነው፤ ስለዚህም ከኮሌጅ የወጣው ብቻ ሳይሆን፣ በጋራዥ፣ በብየዳ ቤት፣ በግንባታ ቦታ ወይም በወላጆቹ ሱቅ ሙያ የለመደውም ለመመዘን ይችላል። መለኪያው የሙያ ደረጃ የሚባለው ሰነድ ሲሆን፣ ይህ ሰነድ ሙያውን በደረጃዎች ከፍሎ፣ በየደረጃው ባለሙያው ሊያከናውናቸው የሚገቡትን ተግባራትና የሥራውን ጥራት መመዘኛ ይዘረዝራል።

ተመዛኙ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ይመልሳል፤ ከዚያም በመዛኞች ፊት ሥራውን በእጁ ይሠራል። መካኒክ ከሆነ ብልሽቱን መርምሮ ያገኛል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ የደኅንነት ደንቡንም ይጠብቃል። ሥርዓቱ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ የሚደነቀው ማሠልጠንና መመዘን እንዲለያዩ መደረጋቸው ነው፤ መዛኞቹ ከሥራው ዓለም የሚመረጡ ባለሙያዎች በመሆናቸው፣ አሠልጣኝ የራሱን ሠልጣኝ አሞግሶ የሚያሳልፍበት ዕድል ይጠባል። ውጤቱም እንደ ትምህርት ቤት በመቶኛ የሚነገር አይደለም፤ ተመዛኙ ብቁ ነው ይባላል፣ አለዚያም ገና ብቁ አይደለም ይባላል። «ገና» የሚለው ቃል እንደ ማለዘቢያ መወሰድ የለበትም፤ ሰውየው የጎደለውን ሞልቶ እንደገና የመመዘን መብቱ እንዳልተዘጋ የሚገልጽ ነው።

ዓመታት ሲበይድ የኖረ ሰው ምስክር ወረቀት ስለሌለው ብቻ በጨረታ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ እንደ ቀን ሠራተኛ ሲቆጠር ማየት ያስቆጫል። ቀጣሪዎችም ሊወቀሱ ይገባል፤ ለብየዳ ሥራ የትምህርት ቤት ውጤት ጠይቀው የሙያ ምስክር ወረቀት ሳይጠይቁ የሚቀሩት የሚያስፈልጋቸውን ችሎታ ትተው የማያስፈልጋቸውን ይመዝናሉ። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ የሙያ ደረጃውን ይዘት ሳያውቁ ለምዘና ቀርበው፣ በየቀኑ የሚሠሩትን ሥራ በሰነዱ ቅደም ተከተል ማሳየት አቅቷቸው ይመለሳሉ። በዚህ ግን ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእነርሱ አይደለም፤ ሰነዶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ሥራውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ለሚያውቅ ሰው ቀድሞ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የአሠልጣኝ ተቋማት ኃላፊነት ነው።

ከምስክር ወረቀቱ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚወስድ መንገድም አለ፤ በላይኞቹ ደረጃዎች ብቃቱን ያረጋገጠ ሠራተኛ በየጊዜው የሚወጣውን የመግቢያ መስፈርት አሟልቶ በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ ለዲግሪ ሊማር ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ይጠየቃል፤ በየተቋሙ የሚመዘገብ ጎልማሳም የተቋሙንና የትምህርት መስኩን እውቅና ሳያጣራ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

የቀረው ጉዳይ የጊዜ ነው። የክረምት መርሐ ግብር ትምህርት ቤት ለሚዘጋለት መምህር የተስማማ ነው፤ ለአርሲ ገበሬ ግን ክረምት ስንዴ የሚዘራበትና የሚታረምበት ወቅት ነው። ኮምባይነር ነጂውና መካኒኩ ደግሞ የመኸሩ አዝመራ በሚሰበሰብበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከማሳ አይለዩም፤ ሁለት የምርት ወቅት ወዳላት ባሌ የሚሻገሩት በሐምሌና በነሐሴም ሥራ አላቸው። ለእነርሱ አጭር ሥልጠናና ምዘና ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ቢዘጋጅ፣ ማሽኑ ለጥገና በሚቆምበት ጊዜ ባለሙያውም ለምዘናው ይደርሳል፤ የመመዝገቢያው ማስታወቂያም በኮሌጁ ግቢ ብቻ ከሚለጠፍ ጋራዦቹና የመለዋወጫ ሱቆቹ ባሉበት ቢነገር የሚመለከተው ሰው ያገኘዋል።