በሮም የግማሽ ቀን ጉብኝት፦ ሐውልቶቹን ተከትሎ

ሮም በአንድ ዘመን ተሠርታ ያለቀች ከተማ አይደለችም። በትውፊት ተመሠረተችበት ከሚባለው ከ753 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አንሥቶ ነገሥታት፣ የሪፐብሊክ ሹማምንት፣ ቄሣሮችና ጳጳሳት እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ፍርስራሽ መሠረት እያደረገ ሲገነባባት የኖረች በመሆኗ፣ ዛሬ አንዲት ጠባብ መንገድ የተሻገረ እግረኛ አንድ ሺህ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ስለዚህም ለሥራ፣ ለሕክምና ወይም ለመንፈሳዊ ጉዞ ወደ ከተማዋ ገብቶ ግማሽ ቀን ብቻ የተረፈው ሰው የሚቸገረው ከሚታየው ብዙ ነገር መካከል የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚተው ለመወሰን ነው። ብዙዎች ይህን ችግር የሚፈቱት ከዝነኛው ቦታ ወደ ዝነኛው ቦታ እየሮጡ ፎቶግራፍ በማንሣት ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ትርፍ ከድካም የማያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አጭር ጉብኝት ፍሬ የሚያፈራው አንድ የታሪክ ፈለግ ተመርጦ በዕውቀት ሲመራ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ ሮም እንዲህ ያለ ፈለግ በሐውልቶቿ አማካይነት ታቀርባለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግል ጉብኝት የሚባለው አንድ ተጓዥ፣ አንድ ቤተሰብ ወይም ጥቂት ወዳጆች ለራሳቸው ብቻ አስጎብኚ ቀጥረው፣ ራሳቸው በመረጡት ሰዓትና መንገድ ከተማዋን የሚያዩበት አሠራር ነው። በቡድን ጉብኝት ብዙ ሰዎች የጆሮ ማዳመጫ አድርገው አስቀድሞ የተወሰነውን መስመር ስለሚከተሉ፣ አንዱ ሊያስተውለው የፈለገውን ነገር ሌላው እስኪጨርስለት አይጠብቅም። በግል ጉብኝት ግን አረጋውያን ወላጆችን ወይም ሕፃናትን ይዞ የመጣ ሰው በአቅሙ ይራመዳል፣ በሚወደው ቦታ ይቆያል፣ ያልገባውንም ይጠይቃል። ዋጋው ከቡድኑ ከፍ ቢልም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ወይም በጉዞው በመሆኑ፣ አራት ወይም አምስት ሆነው ለሚካፈሉት ሰዎች ልዩነቱ ይጠባል።

በዚህ ረገድ ተጓዦች ብዙ ጊዜ የማይለዩት ነገር የአስጎብኚና የሾፌር ሥራ ነው። በኢጣሊያ አስጎብኚነት በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ ሙያ ሲሆን፣ በ2023 መጨረሻ የወጣው ሕግ ቁጥር 190 ፈተናውንና ምዝገባውን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲሆን ደንግጓል። ባለፈቃዱ ሾፌር በበኩሉ እንግዶችን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳል፣ በመንገድ ላይም ጥቂት ማብራሪያ ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም በኮሎሲየም ወይም በቤተ መዘክር ውስጥ እየመራ ማስረዳት የአስጎብኚው ድርሻ ነው። ታሪካዊው መሐል ከተማ ደግሞ ለግል መኪኖች መግቢያ የተከለከለበት ወይም የተወሰነበት ክልል በመሆኑ፣ በተከራዩት መኪና ራሳቸውን እየነዱ የሚገቡ እንግዶች በካሜራ ተይዘው ለቅጣት ይዳረጋሉ። ከዚህ የተነሣ የግል ጉብኝት ስምምነት ሲደረግ ክፍያው አስጎብኚን፣ መኪናን፣ የመግቢያ ትኬትንና ተጨማሪ ሰዓትን ያካትት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወደ ፈለጉ ስንመለስ፣ ኦቤሊስክ የሚባለው ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተጠርቦ የሚቆም፣ አራት ገጽ ያለውና ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ በሾጣጣ ጫፍ የሚያበቃ የጥንት ግብፃውያን ሐውልት ነው። የሮም ቄሣሮች ግብፅን ከያዙ በኋላ እነዚህን ድንጋዮች በመርከብ እያስጫኑ ወደ ከተማቸው አስመጥተዋል፤ በግብፃውያኑ አምሳል ያስጠረቧቸውም አሉ። ዛሬ በሮም የቆሙት ጥንታውያን ኦቤሊስኮች 13 ናቸው፤ ከእነርሱም ረጅሙ በላተራን አደባባይ ያለው ሲሆን ከ32 ሜትር በላይ ይደርሳል። ድል የተነሣን ሕዝብ ሐውልት ነቅሎ በገዛ ከተማ በኃይል መግለጫነት መትከል ቄሣሮቹ የጀመሩት፣ ጳጳሳቱ በሌላ ትርጉም የቀጠሉት፣ የ20ኛው መቶ ዘመን ፋሺስቶችም የቀዱት ልማድ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በዚሁ በር ነው።

ጉብኝቱ ከማዕከላዊው የባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ቢጀምር መልካም ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ጥር 26 ቀን 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ሠራዊት ድል ለሆኑት የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በዚያው ዓመት ከግብፁ ፈርዖን ከዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የመጣ ኦቤሊስክ ለእነዚሁ ሟቾች መታሰቢያ ሆኖ በጣቢያው ፊት ተተከለ፤ በኋላም ወደ ጎን ተዛውሮ ዛሬ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያዎች አጠገብ ባለው አነስተኛ የአትክልት ስፍራ ቆሟል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተነቅሎ የተወሰደው የሞዓ አንበሳ ሐውልት የተቀመጠው በዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር። ወጣቱ ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1938 የአገሩን አርማ በምርኮ ባየ ጊዜ ሰይፍ መዝዞ ቁጣውን የገለጸውም እዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተይዞ በ1945 በኢጣሊያ ምድር ሕይወቱ አልፏል። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ስፍራው ተመልሷል፤ የዶጋሊው ሐውልት ግን ዛሬም በቦታው አለ። በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ኮሎሲየም ይገኛል። ይህ ሞላላ የትርዒት ስታዲየም በቄሣር ቬስፓስያኖስ ተጀምሮ በልጁ በቲቶ በ80 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ርዝመቱ 188፣ ስፋቱ 156፣ ከፍታውም ወደ 48 ሜትር ነው። ውስጡን በሚገባ ለማየት ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚያስፈልግና ትኬቱም በስም ተመዝግቦ ቀደም ብሎ የሚቆረጥ በመሆኑ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ ከውጭ ዙሪያውን አይቶ ቢያልፍ አይጎዳም። ከጎኑ የሚገኘው የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ግን ጥሞና ይገባዋል። በመስቀል በዓል ታሪክ የምትታወቀው የንግሥት እሌኒ ልጅ የሆነው ቆስጠንጢኖስ በ312 በሚልቪዮ ድልድይ ተቀናቃኙን ማክሰንጢዮስን ያሸነፈበትን ጦርነት ለማሰብ በ315 የቆመ ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 ምሽት አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ፍጻሜውን እዚሁ ቅስት ሥር አድርጎ ነው።

ከቅስቱ ተነሥቶ በሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ጥቂት የተራመደ ጎብኚ በግድግዳ ላይ ለአበበ መታሰቢያ የተለጠፈውን ጽላት አይቶ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳል። በዚህ ቦታ ከጥቅምት 1937 እስከ 2003 ድረስ 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በሙሶሊኒ ትእዛዝ ከአክሱም ተጓጉዞ ፋሺስቶች ወደ ሮም የገቡበት 15ኛ ዓመት ሲከበር የተተከለ ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ያለው ግዙፍ ሕንፃም የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሩጫውን መንገድ አስቀድመው ባዩ ጊዜ ይህን ሐውልት ወደ ፍጻሜው ለመፈትለክ ምልክት አድርገውት ነበር፤ በውድድሩም ምሽት አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የሄደው በዚሁ አካባቢ ነው። ኢጣሊያ በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ብትገደድም ሐውልቱ አገሩ የገባው ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በሦስት ክፍል ተነቅሎ በሚያዝያ 2005 በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተጓጓዘ፤ በመስከረም 2008 ደግሞ በጥንት ቦታው ቆሞ ተመረቀ። ዛሬ ሐውልቱ በቦታው ስለሌለ ብዙ አስጎብኚዎች ፖርታ ካፔናን ያልፉታል፤ ሆኖም የቅርስ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው በከተማዋ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያዳግታል።

ከዚህ በመኪና ወደ መሐል ከተማ ሲኬድ ፓንቴዮን አለ። በቄሣር ሐድሪያኖስ ዘመን፣ በ126 ገደማ የተጠናቀቀው ይህ ቤተ መቅደስ የጉልላቱ ስፋትና ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ እኩል 43.3 ሜትር ሲሆን፣ ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ብቻ ከተሠሩት ጉልላቶች እስከ ዛሬ የሚስተካከለው የለም። ምስጢሩ በአሠራሩ ላይ ነው፤ ግንበኞቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግድግዳውን እያሳሱ፣ ከኖራው ጋር የሚደባለቀውንም ድንጋይ እያቀለሉ ሄደው ጫፉን ክብ ክፍት አድርገው ትተውታል። ሕንፃው ሳይፈርስ ለዘመናችን የደረሰው በ609 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በመቀደሱ ነው። በደጃፉ ያለው አነስተኛ ኦቤሊስክና በዶጋሊ መታሰቢያነት የቆመው ሁለቱም በዚህ ሰፈር ከነበረው የኢሲስ ቤተ መቅደስ የተገኙ ናቸው።

ከፓንቴዮን በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ የሚገኘው የናቮና አደባባይ ደግሞ በ1651 የተጠናቀቀውን የቀራፂውን የቤርኒኒን የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ይዟል። በፏፏቴው መካከል በቆመው ኦቤሊስክ ዙሪያ ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና አባይ በሰው አምሳል ተቀርጸዋል፤ የአባይ ምስል ፊቱን በጨርቅ የተሸፈነ ሲሆን፣ ትርጉሙ በዘመኑ አውሮፓውያን ዘንድ የወንዙ ምንጭ አለመታወቁ ነው ተብሎ ይብራራል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የግሽ ዓባይን ምንጭ በ1618 አይቶ ጽፎ ነበር፤ የጎጃም ሕዝብም ምንጩን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውና የሚያከብረው በመሆኑ፣ ይህ ሽፋን የሚናገረው ስለ ወንዙ ሳይሆን በዚያ ዘመን ዕውቀት ከአገር ወደ አገር ምን ያህል ቀስ ብሎ ይጓዝ እንደነበር ነው።

የጉዞው መጨረሻ ቫቲካን ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መካከል የቆመውና ከ300 ቶን በላይ የሚመዝነው ኦቤሊስክ በቄሣር ካሊጉላ ዘመን ከግብፅ የመጣ ሲሆን፣ በ1586 መሐንዲሱ ዶሜኒኮ ፎንታና ከ900 በላይ ሠራተኞችን አሰልፎ አሁን ወዳለበት አዛውሮ በጫፉ ላይ መስቀል ተተክሎበታል። ከባዚሊካው ማለትም ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከኢየሩሳሌም የሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያርፉበት ነበር። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከእነዚህ መነኮሳት ግእዝ ተምሮ በ1513 በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮንም የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እዚሁ ከተማ በ1548 እና በ1549 አሳትመዋል። ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌላው እንዲሁ መግባት ስለማይቻል፣ የቫቲካንን የአትክልት ስፍራ ጉብኝት ቀደም ብሎ ማስያዝ ወይም ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ይህን መስመር በአራት ሰዓት ለመጨረስ በማለዳ መጀመር ይመረጣል፤ በበጋ ወራት ከረፋድ በኋላ ሙቀቱም ሰልፉም ይበረታል። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚገባ ሰው ትከሻውንና ጉልበቱን የሚሸፍን ልብስ መልበስ አለበት። የጥንቱ ጎዳና በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ጠንካራ ዝርግ ጫማ ያስፈልጋል፤ በየመንገዱ ከሚፈሱት ከሁለት ሺህ በላይ የሕዝብ ቧንቧዎች ንጹሕ ውኃ በነጻ ስለሚገኝ ባዶ ጠርሙስ መያዝ ይበቃል። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግባት ነጻ ቢሆንም የፍተሻው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ረቡዕ ጠዋትም ጳጳሱ ከሕዝብ ጋር የሚገናኙበት ሰዓት በመሆኑ ሌላ ቀን ቢመረጥ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ጎብኚው ምን ማየት እንደሚፈልግ ከጉብኝቱ በፊት ለአስጎብኚው ማሳወቅ አለበት። በከተማዋ የተለመዱት የግል ጉብኝት መስመሮች ኮሎሲየምን፣ የትሬቪን ፏፏቴና ቫቲካንን ሲያካትቱ ዶጋሊንና ፖርታ ካፔናን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምሩም፤ ይህም የሆነው ጠያቂ በማነሱ ነው። አስጎብኚዎች ዕውቀታቸውን የሚያሰፉት እንግዶቻቸው ደጋግመው በሚጠይቁት ነገር መሠረት ነውና፣ ወደ ሮም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን፣ በኢጣሊያ የሚኖሩትም ጭምር፣ እነዚህን ቦታዎች በስማቸው ጠርተው በመስመሩ እንዲገቡላቸው ሲያሳስቡ ለራሳቸው የተሟላ ጉብኝት ያገኛሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ጎብኚዎች ሁሉ ደግሞ የከተማዋ ታሪክ ያለ ኢትዮጵያ ሙሉ እንደማይሆን ያስመሰክራሉ።