በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ጥርስ

«ጣይው እህቴ፤ ሌላ ያበቅላል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሁዳዴ፣ ረቡዕ ቀን፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ በደም የራሰ ሶፍት አፉ ላይ ይዛለታለች። በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲያሳድድ ተገፍትሮ ከደረጃ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ጤና ጣቢያ ከንፈሩን ሰፉለት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጉት፣ ሪፈር ጻፉላትና ሸኟት። ይህን እየነገረችኝ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሳንቲም እንደሚቋጠር ተቋጥሮ ያየሁት አንድ የፊት ጥርስ ነው፣ ከነሥሩ።

«ይሄን ምን ላድርገው ወንድሜ?» አለችኝ። እኔም ከላይ ያለውን መለስኩላት።

ደግነቱ አልሰማችኝም። «የልጄ አካል አይደል?» ብላ መልሳ ቋጠረችው። ቢያንስ የምትሄድበትን ላሳያት ብዬ የማውቃት የጥርስ ሐኪም ጋ ደወልኩ። ሐኪሟ «ልጁ እንዴት ነው?» አላለችም።

«ጥርሱስ?»

«አለ።»

«የት?»

«ነጠላ ውስጥ።»

ዝም አለች። ቀጥላ መቼ እንደወለቀ ጠየቀችኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ የእኔ ሰዓት ደግሞ ሰባት ይላል። «ወተት ፈልጉ፣ አሁኑኑ» አለች።

«ወተት? በሁዳዴ?» አለች እናትየው። የታክሲው ረዳት ነገሩ ከማንኛችንም በፊት ገባው መሰለኝ፣ መብራት ሲይዘን ዘሎ ወርዶ ከሱቅ የላስቲክ ወተት ይዞ መጣ። የሃይላንድ ጠርሙስ አፍ በቁልፍ ተቀዶ ወተቱ ተገለበጠበትና ጥርሱ እዚያ ውስጥ ገባ። ሒሳቡንም አልተቀበለንም።

እንግዲህ ይህ መጣጥፍ የመጣው ከዚያች «ሌላ ያበቅላል» ከምትለው ቃል ነው። ለዓመታት ስለ ጤና የጻፍኩ ሰው ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ የወተት ጥርስ እንዳልሆነ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ አላጣውም ነበር። ግን ማናችንም ቆም ብለን አናስብም። ልጅ ሆነን የወለቀ ጥርሳችንን ቆርቆሮ ጣራ ላይ እየወረወርን ነው ያደግነው፤ ጥርስ ሲወልቅ ሌላ እንደሚተካ በዚያው ተምረናል። ትምህርቱ እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ልክ ነው። የወተት ጥርስ ሲወልቅ ጭራሽ ወደ ቦታው መመለስ የለበትም፤ ከሥሩ የሚጠብቀውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ሊጎዳ ይችላልና። ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚበቅለው የፊት ጥርስ ግን የመጨረሻው ነው።

ሐኪሟ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃኛለች። «ባልደረቦቼ ታዋቂ ልትሆን ነው ይሉኛል» ትላለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ጊዜ አግኝቻታለሁ። ንግግሯን ላሳጥር ሞክሬ አልሆነልኝም።

«እኔ ጋ የሚመጣ ጥርስ ሁሉ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ታጥቧል፣ ተፈትጓል፣ በአልኮል ተጠርጓል፣ በጥጥ ተጠቅልሏል። ሬሳም ታጥቦ ተገንዞ ነው የሚመጣው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት የጥርስን ሥር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የጅማት ሽፋን አለ፤ ጥርሱ የሚንጠለጠለው በዚያ ላይ ነው። ጥርስ ሲወልቅ ጅማቱ ይበጠስና ግማሹ ሥሩ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። በሕይወት ያሉት ሴሎች እነዚህ ናቸው። ደረቅ አየር ላይ አንድ ሰዓት ከቆዩ ይሞታሉ። የቧንቧ ውኃም አይስማማቸውም፤ ጨዉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ወደ ውስጣቸው ሰርጎ ያፈነዳቸዋል። ወተት ግን ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። ያለ ፈሳሽ ማድረቅ ከሁሉም ስለሚከፋ፣ ምንም ከጠፋ ውኃም ከነጠላ ይሻላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወተትም አይደለም፣ የወለቀበት ጉድጓድ ነው። ጥርሱን ነጩን ጫፍ ይዞ፣ ሥሩን ሳይነኩ፣ አፈር ካለበት በወተት ወይም በልጁ ምራቅ ለቅለቅ አድርጎ እዚያው መመለስ፣ ከዚያ ልጁ መሐረብ ነክሶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ይህን ማድረግ ያለበት ሐኪሙ ሳይሆን በቦታው ያለ ሰው ነው። መምህሩ፣ ዘበኛው፣ ወይም ሻይ የምታፈላዋ ሴት ሊሆኑ ይችላሉ።

የልጁን ትምህርት ቤት ዘበኛ ፈልጌ አገኘኋቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ጥርሱን ከአቧራው ውስጥ ፈልገው ያገኙት እርሳቸው ናቸው፤ ቧንቧ ሥር ወስደው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፍቀው ያጸዱትም እርሳቸው ናቸው። ሕክምናው የሚለውን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ። «አሸዋ ነበረበት እኮ» አሉ። «አሸዋ ያለበትን ነገር ልጅ አፍ ውስጥ ልክተት? ማን ነው እሱን ያስተማረኝ?» የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን በዚያ ቀን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን የያዙት ሰው ስልጠና ሄደዋል። ቢከፈትም ከፋሻና ከአዮዲን ሌላ የሚጠቅም ነገር አይገኝበትም ነበር።

እዚህ ላይ በታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የተነቃነቀን ጥርስ ማሰር ጥንታዊ ሙያ ነው። በዛሬይቱ ሊባኖስ፣ በሲዶና፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከተቆፈረ የፊንቄያውያን መቃብር የፊት ጥርሶቹ በወርቅ ክር የተጠላለፉ መንጋጋ ተገኝቷል። ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ አካባቢ የኖረው ሐኪም አል ዘህራዊ አል ተስሪፍ በተሰኘው ሠላሳ ክፍል መጽሐፉ የላሉ ጥርሶች እንዴት እንደሚታሰሩ በሥዕል ጭምር አስረድቷል፤ ብር ቶሎ ስለሚበላሽ ወርቁን ይመርጣል። ጥርሱ ጨርሶ ከጠፋም ከበሬ አጥንት ተጠርቦ ሊተካ እንደሚችል ጽፏል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1771 ስለ ሰው ጥርስ ታላቅ መጽሐፍ ያሳተመው ይህ ሰው የሰው ጥርስ በአውራ ዶሮ ኩክኒ ላይ ተክሏል፤ የዶሮው ራስ ከነጥርሱ እስካሁን ለንደን በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ይታያል። የወለቀ ጥርስ ሊመለስ እንደሚችል የተማመነ ሰው ነበር። ጉዳዩ ግን መጥፎ ጎንም ነበረው። በዚያው ዘመን የለንደን ሀብታሞች የራሳቸው ጥርስ ሲበሰብስ ከድሃ ልጆች አፍ ትኩስ ጥርስ እያስነቀሉ በገንዘብ ያስተክሉ ነበር። ሠዓሊው ቶማስ ሮውላንድሰን እ.ኤ.አ. በ1787 ይህንን ገበያ የሚሳለቅበት ሥዕል አውጥቷል፤ ድሆቹ ልጆች ጉንጫቸውን ይዘው ሲወጡ ይታያሉ። የተተከለው ጥርስ ደግሞ አይቆይም ነበር፣ ቂጥኝም ያጋባ ነበር።

የወለቀ ጥርስ ሲመለስ አንዳንዱ የሚቆየው ሌላው የማይቆየው ለምን እንደሆነ በትክክል የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። ዬንስ አንድሬአሰን የተባለው ዴንማርካዊ ከባልደረባው ዮርቲንግ ሀንሰን ጋር በኮፐንሃገን ወልቀው የተመለሱ 110 ጥርሶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1966 ውጤቱን አወጣ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሱት 90 በመቶዎቹ የሥር መበላት አልታየባቸውም። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተው ከተመለሱት ደግሞ 95 በመቶዎቹ ተበሉ። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ሰዓቱ ነበር። አንድሬአሰን እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ለዚህ ሰጠ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የጥርስ ጉዳት ሕክምና ማኅበር ያሻሻለው መመሪያ የእርሱን ሥራ መሠረት ያደረገ ነው። ስለ ብዛቱ ለመናገር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአፍና በጥርስ ላይ በሚደርስ አደጋ የተጎዱት አንድ ቢሊዮን ሰዎች እንደሆኑ ይገምታል፤ እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከአምስቱ አንዱ ይደርስበታል።

ወደ ልጁ እንመለስ። ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወተቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች፣ የታክሲውን ረዳት ግን አመሰገነች። ቀጥላ ማናችንም ያላየነውን አየች። ከወለቀው አጠገብ ያለው ሌላው የፊት ጥርስ ወደ ላንቃ ተገፍቶ ነበር፤ ያበጠው ከንፈር ሸፍኖት ጤና ጣቢያም አላስተዋሉትም። በመስታወቷ እጀታ ነካ ስታደርገው ብረት እንደተመታ ጮኸ። ሥሩ አጥንቱን ሰብሮ እዚያው ተቆልፎ ነበር።

«የወለቀ ጥርስ ቢያንስ ያስደነግጣል» አለችኝ በኋላ። «የተገፋው ግን አፍ ውስጥ ስላለ ይሻለዋል ይባላል። ከወር በኋላ ጠቁሮ፣ መግል ይዞ ይመጣል። ወደ ላይ የሰረገው ደግሞ ይባስ፤ ቤተሰብ ወልቋል ብሎ መሬት ለመሬት ይፈልገዋል፣ ጥርሱ እኮ አጥንቱ ውስጥ ነው!»

ራጅ አነሳችው። አደንዝዛ የተገፋውን በጣቷና በመቆንጠጫ ከተቆለፈበት አላቅቃ መለሰችው፤ ሲገባ ቋ አለ። የወለቀውን በጨው ውኃ አጥባ ከተተችው። ሦስት ሰዓት ተኩል ቆይቶም? ብዬ ጠየቅኳት። ቢዘገይም መመለሱ ይሻላል አለች፣ ቢያንስ አጥንቱን ይዞ ያቆየዋል። ከዚያ ከ0.4 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቹ ጋር በሙጫ አያያዘቻቸው። የአል ዘህራዊ ወርቅ ጥርሱን ጠፍሮ ይይዘው ነበር፤ የዛሬው ሽቦ ግን ለስለስ ያለ ነው፣ ጥርሱ ጥቂት እንዲነቃነቅ ይፈለጋል። የወለቀ ጥርስ ብቻውን ቢሆን ሁለት ሳምንት ይበቃው ነበር፤ ለተገፋው ሲባል አራት ሳምንት ታሰረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የወለቀው የሥር ሕክምና ይጀመርለታል። እስከዚያ ምግቡ አጥሚትና ገንፎ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በግል ክሊኒክ ነው፤ ሐኪሟም ከሒሳቡ የተወሰነውን ተወችው። እናትየው ሪፈሩን ይዛ ብትሄድ ኖሮ ካርድ ለማውጣት ብቻ ስንት ሰዓት እንደምትሰለፍ አንባቢ ያውቀዋል። «በብዙ ቦታ የጥርስ ክፍል ማለት የሚነቀልበት ክፍል ማለት ነው» ትላለች ሐኪሟ። «መንቀያው አለ። ሽቦው የለም። ሽቦው እኮ ከመንቀያው ይረክሳል!»

የትምህርት ቤቶች ጤና ይመለከታቸዋል ወደተባሉ አንድ ኃላፊ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ደብዳቤ አስገባ ተባልኩ። ሁለተኛ ስብሰባ ነበሩ። ሦስተኛው ቀን በር ላይ አገኘኋቸው። መምህራን የመጀመሪያ ርዳታ ሲሰለጥኑ ስለ ጥርስ አንድ አንቀጽ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ስለ ጥርስ ነው ይሄን ሁሉ የተመላለሱት?» ብለው ፈገግ አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ነገሩን የሚያናድደው ርካሽ መሆኑ ነው። ዓለም አቀፍ የመጀመሪያ ርዳታ ምክረ ሐሳቦች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለወለቀ ጥርስ ማቆያ ከሚጠቅሷቸው ውስጥ አንዱ ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ በየጤና ኬላው ለተቅማጥ የሚሰጠው፣ ብዙዎች ለምለም የሚሉት። ሌላው ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ነው። ስለዚህ ሁዳዴም ቢሆን፣ ላምም ባይኖር፣ ሰበብ የለም።

የመዘግየትን መዘዝ በአጭሩ ልጻፍ፣ ገጹ እያለቀ ነው። የዘገየ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥንት ጋር ይጣበቅና ሥሩ ቀስ በቀስ ይበላል። ልጁ ሲያድግ መንጋጋው ወደፊትና ወደታች ይሄዳል፤ የተጣበቀው ጥርስ ግን የዘጠኝ ዓመት ቦታው ላይ ይቀራል። ያኔ ጫፉ ተቆርጦ ሥሩ ይተዋል። አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ እድገቱ እስኪያልቅ አይቻልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከመነሻው ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል።

ሽቦው በተፈታ ዕለት እኔም ነበርኩ። ልጁ ምላሱን ጥርሱ ላይ እያሽከረከረ ይስቃል። ሐኪሟ የቀጠሮ ወረቀቱን ለእናትየው አነበበችላት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት በየዓመቱ።

«አምስት ዓመት?» አለች እናትየው። ወረቀቱን አጣጥፋ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ዶክተርዬ፣ አከራዬ እስከ ሰኔ ልቀቂ ብለውኛል እኮ። ከዚያ ወዲያ የት እንደምንሆን እንጃ።»